ገጽ 113

እንዴት ናችሁ? ሰላም ናችሁ? ዛሬ ሙዚቃ የለም፣ መግቢያም የለም። ዶሮው ግን አለ። ሰምታችሁታል መሰለኝ። «ለበዓሉ ተረፈ ወይ?» እያላችሁ ለጻፋችሁልኝ ሁሉ፣ አዎ፣ ተርፏል። ይሄን ያህል ሰው ስለ እሱ እንደሚጠይቅ ከነገርኳቸው ወዲህ ጎረቤቶቼ ቢላ ማንሳቱ ከብዷቸዋል።

ባለፈው ስለ ወረቀት ዋጋ ጀምሬ ነበር። እቀጥላለሁም ብዬ ነበር። አልሆነልኝም። ማይኩን እከፍታለሁ፣ ትንሽ አወራለሁ፣ እዘጋዋለሁ። አንድ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል። እሱን ሳልናገር ስለ ሌላ ነገር ማውራት አቃተኝ። ስናገረው ይቀለኝ እንደሆነ እንጃ። እስቲ እንየው።

እኔ የማሳትመው የጋሼ መጽሐፍ ነው፣ ያረፉት ጡረተኛ መምህር ስለ ሕይወታቸው የጻፉት። ያው ታውቁታላችሁ፣ ስንቴ አውርቼላችኋለሁ። በእጃቸው የጻፉባቸው ሰማያዊዎቹ ደብተሮች። ትየባው አልቋል፣ እርማቱ አልቋል፣ ሽፋኑም ከብዙ ንትርክ በኋላ አልቋል። የመጨረሻው ፕሩፍ፣ ማለትም ከመታተሙ በፊት የሚታየው የሙከራ ቅጂ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ማተሚያ ቤቱ የሚጠብቀው የእኔን ፊርማ ብቻ ነው። «ይታተም» ብዬ እፈርማለሁ፣ እነሱ ወረቀቱን ማሽን ላይ ይጭናሉ። በቃ። እኔ ግን አልፈረምኩም። ገጽ 113 ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ።

ቅዳሜ የሆነውን ልንገራችሁ።

እማማ ጋ ሄድኩ፣ የጋሼ ባለቤት ጋ። ፕሩፉን ይዤ ነው የሄድኩት። ከማተሜ በፊት ቤተሰብ ማሳየት ልማዴ ነው። እማማ ማንበብ ይችላሉ፣ ዓይናቸው ግን እምቢ ስላላቸው እኔ ነኝ የማነብላቸው። ቡና አቅርበው ነበር። ጋሼ ስለ መጀመሪያ ትውውቃቸው የጻፉትን ሳነብላቸው «ውሸቱን ነው! እኔ ነኝ መጀመሪያ ያየሁት!» እያሉ ይስቃሉ። እውነት ለመናገር ደስ የሚል ቅዳሜ ነበር። ጋሼ ካረፉ ወዲህ እማማ እንደዚያ ሲስቁ አላየሁም።

ከዚያ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ መጣ። ጎረቤታቸው ናቸው። ከአጥሩ ማዶ ያሉት። እኔም እትዬ ነው የምላቸው። በትንሽ ሰፌድ ቆሎ ይዘው ገቡ፣ ሱፍ ጣል ጣል የተደረገበት የገብስ ቆሎ። ማንም «እዚህ ተቀመጪ» አላላቸውም። ቦታቸው የታወቀ ነው፣ ከበሩ በስተግራ ያለችው በርጩማ። እሷን ሳብ አድርገው ቁጭ አሉ።

ፕሩፉ ጭኔ ላይ ነው። ገጽ 113 አልተገለጠም። ግን እዚያው ውስጥ አለ። እጄን ከላዩ ላይ አላነሣሁም።

እትዬ አዩት። «ይኼ ነው መጽሐፉ?» አሉ። «አዎ እትዬ፣ ገና አልታተመም፣ ሊታተም ነው» አልኩ። እጃቸውን ነጠላቸው ላይ ጠረግ ጠረግ አደረጉና የመጀመሪያውን ገጽ ነኩት። የጋሼን ስም በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ቀስ ብለው፣ ፊደል በፊደል። ከዚያ «እኛስ አለንበት?» አሉ።

እኛስ አለንበት።

ከቅዳሜ ጀምሮ ጆሮዬ ላይ ያለው ይኼ ነው። ጥርሴን ስቦርሽ አለ። ታክሲ ውስጥ አለ። ትናንት አንድ ደራሲ ፊቴ ቁጭ ብሎ ስለ ሽፋን ቀለም ሲያስረዳኝ እኔ የምሰማው እትዬን ነበር።

ገጽ 113 ላይ ምን እንዳለ ነግሬያችሁ አላውቅም። አሁን ልንገራችሁ። ነገሩ 1970 ዓ.ም. ነው። ከቀበሌ የመጡ ታጣቂዎች የጋሼን ታናሽ ወንድም ከቤት ወሰዱት። ልጁ ያን ሰሞን ለማንም በር አይከፍትም ነበር። ያን ሌሊት ግን ከፈተ። የከፈተው በውጭ በኩል አንድ ሰው በቤት ስሙ ስለ ጠራው ነው። በሚያውቀው ድምፅ። የጠራው ጎረቤት ነው። ከአጥሩ ማዶ ያለው ጎረቤት። የእትዬ ባል።

ልጁ አልተመለሰም።

ጋሼ ይኼን የጻፉት ባንድ ገጽ ነው። ከዚያ ቀጥለው ወደ ሌላ ነገር ይሄዳሉ። ስድብ የለበትም፣ እርግማን የለበትም። ስሙ ግን አለ። ከነአባት፣ ከነአያት። ደብተሮቹን ያያችሁ ሰዎች ታውቃላችሁ፣ ጋሼ ሲጽፉ ይሰርዛሉ፣ ይደልዛሉ፣ በጠርዙ ላይ ይጨምራሉ። አንዳንዱ ገጽ ጫካ ነው። ይቺ ገጽ ላይ ግን አንድ የተሰረዘ ቃል የለም። መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። ሌላ ቦታ ደጋግመው ጽፈውት፣ ደጋግመው ቀደውት፣ በመጨረሻ እዚያ የገለበጡት ነው የሚመስለኝ። እርግጠኛ አይደለሁም። ጠይቄያቸው አላውቅም። እሳቸው ግን አንድ ቀን «ያቺን ገጽ አነበብሻት?» አሉኝ። «አነበብኳት» አልኩ። «እንዳትነካ» አሉ። ከዚያ ስለ ጡረታቸው አወሩ።

ወደ ቅዳሜ ልመለስ። እትዬ ጠየቁ። እኔ ደረቅኩ። እማማ ግን ለአፍታ እንኳን አላመነቱም። «ሳትኖሩበትማ!» አሉ። «ጎረቤት ያልተነሣበት ታሪክ አለ እንዴ? ሠርጉ ላይ አላችሁ። እናቱ የሞቱ ጊዜ አላችሁ። ያዥ በይ፣ ይበርድብሻል።» ሲኒውን አቀበሏቸው። እትዬ ሳቁ። ተቀበሉ። ስለ እድሩ አዲስ ሰብሳቢ ወሬ ተጀመረ።

ይኼው ነው የሆነው። ሌላ ምንም አልሆነም።

ግን ደጋግሜ እያየሁት ነው። ድምፃቸው እንዴት ነበር? ቀላል ነበር። ሰው ፎቶ ሲያይ «እኔስ አለሁበት?» እንደሚለው ዓይነት። ዓይናቸውስ የት ነበር? እኔን አላዩኝም። እማማንም አላዩም። ወረቀቱን ነበር የሚያዩት። ይኼ ምን ማለት ነው? ምንም ማለት ላይሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ሁሉንም ያውቃሉ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን ያውቃሉ፣ የጠየቁት «ጻፈው ወይስ ማረኝ?» ብለው ነው። ወይም… ይኼ ሦስተኛው ሌሊት ሌሊት የሚመጣብኝ ነው… ምናልባት ጭራሽ አያውቁም። ባላቸው ያን ሌሊት ወጥቶ ተመለሰ፣ እሳቸው ሕፃን ያጠቡ ነበር፣ «የት ነበርክ?» አላሉትም። መልሱን ከእኔ መጽሐፍ ሊያነቡት ነው።

ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ ነው ያለብኝ። አይደል? ስንት ዓመት የሠራሁት እኮ ይኼንን ነው። መጠየቅ። ሪፖርተር እያለሁ ከዚህ የባሰ ጠይቄያለሁ። ልቅሶ ቤት ገብቼ ጠይቄያለሁ። የታሰረ ሰው ሚስትን ጠይቄያለሁ። የመጀመሪያው አለቃዬ «ስም የሌለው ዜና ሐሜት ነው» ይል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ የሚለው «ሌላኛውን ወገን ደውለሽ ሳታገኚ ወደኔ እንዳትመጪ» ነበር። ሁለቱም ልክ ናቸው። አሁን ሌላኛው ወገን ቆሎ ይዞ ፊቴ ተቀምጧል፣ እኔ አፌን መክፈት አቃተኝ። ሁለት ሲኒ ቡና ስለጠጣሁ ነው? ከጋዜጣ ስለወጣሁ ነው? አላውቅም።

እማማ፣ እትዬ ከሄዱ በኋላ፣ ሲኒውን እያጠቡ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ «ያቺን ገጽ አውጪልኝ» አሉኝ።

«የትኛዋን?» አልኩ። የትኛዋ እንደሆነች ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም።

«ታውቂያታለሽ። ልጄ፣ እሱ ጽፎ ሄደ። እዚህ የምኖረው እኔ ነኝ። ነገ ብሞት የምትገንዘኝ እሷ ናት።»

«ጋሼ እንዳትነካ ብለውኛል እኮ።»

«አውቃለሁ። እኔንም ብሎኛል።»

ከዚያ ውኃውን ደፉ። ቤት ያፈራውን ሳልበላ እንዳልሄድ አዘዙኝ። በላሁ።

እሺ። ትንሽ ላውራ ስለ… ብዙዎቻችሁ «ጋዜጠኝነትን ትተሽ እንዴት አሳታሚ ሆንሽ?» ትሉኛላችሁ። በተለይ ኮሌጅ ያላችሁ ልጆች። ሁሌም የምመልሰው አንድ ነው። ቦታ አጠረኝ። ስድሳ፣ ሰባ ዓመት የኖረ ሰው አገኛለሁ፣ የሚሰጠኝ ግማሽ ገጽ ነው። ከግማሹም ማስታወቂያ ይገባበታል። ጋሼን ራሳቸውን ያገኘኋቸው ስለ መምህራን ጡረታ ልጠይቃቸው ሄጄ ነው። ከዚያ ሁሉ ወሬ ያወጣሁት ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር። ልወጣ ስል ነው ደብተሮቹን ያሳዩኝ። ጋዜጣችን ሲዘጋ መጀመሪያ ትዝ ያሉኝ እነዚያ ደብተሮች ናቸው።

ስለዚህ ሙያውን የቀየርኩ አይመስለኝም ነበር። ያው ሥራ ነው፣ ሰፋ ባለ ወረቀት ላይ። እንደዚያ ነበር የማስበው። እዚሁ ፖድካስት ላይ ብዬዋለሁም። አሁን ግን ልዩነቱ የገባኝ ይመስለኛል። ጋዜጣ ላይ ነገ አለ። ተሳሳትክ? በሚቀጥለው እትም ማረሚያ ታወጣለህ። ሰውየው ቅር አለው? መልስ ይጽፋል፣ ታትምለታለህ። መጽሐፍ ላይ ይኼ የለም። 978 ብሎ በ99944 የሚቀጥለው የኢትዮጵያ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ሁለት ሦስት ቅጂ ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ገብቶ ይቀመጣል። እኔ ከሞትኩ በኋላ አንድ ተማሪ ከመደርደሪያ ያወጣዋል። ያ ስም እዚያው አለ። የእትዬ የልጅ ልጅ ያቺ ተማሪ ብትሆንስ? የአያቷ ስም ከራሷ ስም ጋር ገጥሞ ብታገኘውስ?

ደግሞ ተመልሼ፣ ይኼው እኮ ነው ጥቅሙ እላለሁ። እንዲቆይ አይደል መጽሐፍ የሚጻፈው?

ሎስ አንጀለስ ላይ አሳታሚ የሆነው ኤልያስ ወንድሙ ሰሞኑን በሐሳቤ ይመላለሳል። እሱም ከጋዜጠኝነት ነው ወደ አሳታሚነት የሄደው። እዚያ «ኢትዮጵያን ሪቪው» የሚባለውን መጽሔት ያዘጋጅ ነበር። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1998 ፀሐይ አሳታሚን አቋቋመ። ሰው አገር፣ ስለ እኛ ታሪክ የሚያነበው ጥቂት በሆነበት ቦታ። ስለ ኢትዮጵያ ጥናት የሚያወጣ ጆርናል ጨመረበት። ቆየት ብሎ ሎዮላ ሜሪማውንት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ገብቶ መሥራት ጀመረ። በኋላ ደግሞ ለጥቁር አሜሪካውያን ጸሐፍት በሃሪየት ተብማን ስም ሌላ ክንፍ ከፈተ። ይኼን ሁሉ ሳስብ የሚገርመኝ ጽናቱ ነው። መጽሔት አዘጋጅ የለመደው በየወሩ የሚዘጋ ሒሳብ ነው። አሳታሚ ግን አንድ መጽሐፍ ላይ ዓመታት ይቀመጣል፣ ገንዘቡም እዚያው አብሮት ይቀመጣል። እሱን ባገኘው የምጠይቀው ስለ ገንዘብ አይደለም። «ሰው የሚያቆስል ገጽ መጀመሪያ እጅህ ላይ የገባ ቀን ምን አደረግህ?» ነው የምለው። የእኔ ዓይነት ገጽ አጋጥሞት ይሆናል። የስደት ማስታወሻ ያለ ስም አይጻፍም።

አንድ የሙያ ጓደኛዬ ደግሞ «ስሙን ቀይሪዋ፣ ምን አስጨነቀሽ?» አለኝ። «አቶ ሀ በይው።» ይኼንን አሰብኩት። ግን አቶ ሀ ከአጥሩ ማዶ ነው የኖረው። ሰፈሩ በሙሉ ማን እንደሆነ በአንድ ቀን ያውቃል። ስም መቀየር የሚሸፍነው ለማያውቅ ሰው ነው። የሚያውቅ ሰው ዘንድ ጭራሽ ያጎላዋል።

በዓሉ ግርማን አስቡት። ጋዜጠኛ ነበር። መነንን፣ አዲስ ሪፖርተርን፣ ሄራልድን፣ አዲስ ዘመንን በአዘጋጅነት ይዟል። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ኩራዝ አሳታሚ ሲያወጣው ልብ ወለድ ተብሎ ነው የወጣው። ስሞቹ ሁሉ የፈጠራ ናቸው። ግን ባለሥልጣናቱ ራሳቸውን አዩበት። አንባቢውም አያቸው። መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉ ከሥራው ተነሣ። የካቲት 1976 ከቤቱ ወጣ፣ እስከ ዛሬ የት እንደደረሰ አልታወቀም። የተቀየረ ስም አላዳነውም።

እርግጥ ይኼ ሌላ ነው። እዚያ የተጻፈባቸው ሥልጣን ነበራቸው። እዚህ የተጻፈበት ሰውዬ ሞቷል። የቀሩት ቆሎ የሚያመጡ አሮጊት ናቸው። በዓሉ ወደ ላይ ነው የጻፈው። ጋሼስ? ወደ ጎን። ወደ ጎን መጻፍ የከፋ ሳይሆን አይቀርም። ወደ ላይ ስትጽፍ የምትፈራው ለራስህ ነው።

…

እንዴት እንደ ተናደድኩ ልንገራችሁ ደግሞ። በእማማ አይደለም። በማንም አይደለም። እንዲያው በነገሩ። ታኅሣሥ 1999 የደርግ ባለሥልጣናት ላይ የጥፋተኝነት ፍርድ ሲሰጥ እኔ ጀማሪ ነበርኩ። 12 ዓመት የፈጀ ችሎት። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ዚምባብዌ ተቀምጦ በሌለበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተባለ። ያን ቀን የተሰማኝን አስታውሳለሁ። «አለቀ፣ ተዘጋ» ብዬ ነበር። ከጋሼ ጋር መስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም የገባን ቀን ግን አለማለቁ ገባኝ። ግድግዳው ሙሉ ፎቶ ነው። ወጣቶች ናቸው፣ አፍሮ ያላቸው፣ ሰፊ ኮሌታ ያደረጉ። ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ተራ በተራ አዩዋቸው። ምንም አላሉም። ስንወጣ፣ አስፋልቱን ልንሻገር ስንል፣ «በሩን የከፈተለት ሰው ድምፅ ግን የለም» አሉ። መጀመሪያ አልገባኝም። ገጽ 113ን ያኔ አላነበብኩም ነበር።

ችሎቱ ትእዛዝ የሰጡትን ፈረደባቸው። የቀበሌ አብዮት ጥበቃዎችም የተፈረደባቸው አሉ። በቤት ስም የጠራ ሰው ግን የትኛው ወንጀለኛ መቅጫ ላይ ይገባል? በየትኛው መዝገብ? ጋሼ የነበራቸው መዝገብ ያቺ አንድ ገጽ ናት። እኔ እሷን ላውጣ?

እንደዚያ ስል እማማ ይመጡብኛል። ሲኒውን እያጠቡ። «የምትገንዘኝ እሷ ናት።» እሳቸውም እኮ አማቻቸውን ነው ያጡት። ልጁን እሳቸውም ያውቁታል። በዚያ ቤት ነው የነበሩት፣ ያን ሌሊት። ያን ሁሉ እያወቁ ከዚያች ሴት ጋር ሲኒ ተቀባብለው ኖሩ። የእትዬን ልጅ ክርስትና አነሡ፣ የሰውየው አስከሬን ሲወጣ አለቀሱ። ይኼን ያደረጉት ስለ ረሱ አይደለም። ስላልረሱም አይመስለኝም… ምን ልበላችሁ… አንድ ነገር ወስነው ነው። መቼ እንደወሰኑት አላውቅም። ለጋሼ ነግረዋቸው ነበር? ጋሼ ሲጽፉ ይኼን ያውቁ ነበር? ባልና ሚስት አንድ አልጋ ላይ ተኝተው አንዱ ላለመናገር ወስኗል፣ አንዱ ለመናገር ወስኗል። እኔ የሁለቱን ውሳኔ ጠረጴዛዬ ላይ ይዣለሁ።

ሕጉስ? ሕጉን አየሁት። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996። የደራሲው መብት ሲሞት አይሞትም። የጥቅም መብቱ ከዕረፍቱ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል፣ ለወራሾቹም ያልፋል። ስለዚህ እማማ «አውጪ» ቢሉኝ ማንም ጎረቤት ብቻ አይደሉም፣ ባለመብት ናቸው። ግን ብቻቸውን አይደሉም። ልጅም አለች።

ልጅቷ ሜሪላንድ ናት። ከሕትመቱ ወጪ አብዛኛውን የከፈለችው እሷ ናት። እዚህ አገር እንዴት እንደሚሠራ ታውቃላችሁ፣ ገንዘቡ ቀድሞ ካልተገኘ ማተሚያ ቤት በሩን አይከፍትልህም። አከፋፋዩ ደግሞ ከሽፋኑ ዋጋ ድርሻውን ይዞ የቀረውን የሚሰጥህ ተሽጦ ሲያበቃ ነው። እሷ ባትኖር መጽሐፉ ገና ደብተር ነበር። ልጅቷ የሁሉንም ገጽ ፒዲኤፍ አንብባለች። አንዴ በቴሌግራም በድምፅ «ገጽ 113 ላይ አለቀስኩ» ብላ ላከችልኝ። «አጎቴን አላውቀውም ነበር። በዚች ገጽ ነው ያወቅኩት። ማንም ቢለምንሽ እንዳትነኪያት።» ማንም ቢለምንሽ። እናቷ ይለምናሉ ብላ አስባ ይሆን ያለችው? ወይስ እንዲሁ ነው?

እሷ ላይ መፍረድ አልፈልግም። ሩቅ ሆና ነው ብዬ ማጣጣል ቀላል ነው። «እዚያ ሆነሽ ቡና አብረሽ አትጠጪ» ማለት ቀላል ነው። ግን ሩቅ ያለ ሰው ደግሞ የቀረው ይኼው ወረቀት ነው። ሰፈር የላት፣ እድር የላት፣ የአጎቷ መቃብር የላት። የአጎቷ መቃብር እዚህ ላለነውም የለንም።

ማተሚያ ቤቱ ደውሎ ነበር። ሠራተኛው ጨዋ ልጅ ነው፣ «እህቴ፣ ወረፋው ሊያልፍብሽ ነው» አለኝ። ገጹ ቢወጣ ምን እንደሚሆን ጠየቅኩት። የሚወጣው አንድ ገጽ ስለሆነ ቀላል መስሎኝ። አይደለም። ወረቀቱ ሲታጠፍ 16 ገጽ ነው የሚሆነው። አንዱን ስታወጣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይንሸራተታል። ገጽ 114 ገጽ 113 ይሆናል፣ በቀኝ የነበረው ወደ ግራ ይሄዳል፣ ማውጫው ይበላሻል፣ መጨረሻ ላይ ባዶ ገጽ ይቀርሃል። «ባዶውን እዚያው ብንተወውስ?» አልኩት። ዝም አለ። «ባዶ ገጽ 113?» አለ። «አዎ።» «ሰው የሕትመት ስህተት ነው ይልሻል።» ልክ ነው። ሰው ገዝቶ ሊመልሰው ይመጣል። ሌላውም ደግሞ ምን ነበረበት ብሎ ሲጠይቅ፣ አንዱ ያውቃል፣ አንዱ ለአንዱ ይነግራል…

ግን ባዶ ገጹን ማሰብ ማቆም አልቻልኩም። ከላይ 113 የሚል ቁጥር ብቻ። ለእማማ የወጣ ነው። ለጋሼ ያልተነካ ነው ማለት ግን አይቻልም። ባዶ ያደረግኩትማ ነክቼዋለሁ። እንዲያው ለሁሉም ግማሽ ግማሽ መስጠት ነው፣ ማንንም አያጠግብም። እንጃ። ሌላ ጊዜ ሌላ አሳታሚ ቢነግረኝ «ብልጠት ነው» ብዬ እተቸዋለሁ።

ሌላ ሐሳብም አለ። መጽሐፉን ማቆየት። ሁለቱ ሴቶች ዕድሜያቸው… አይ። ይኼን ጨርሼ አልናገረውም። ሰው እስኪሞት መጠበቅ ምን ዓይነት ሐሳብ ነው? ግን መጥቶብኛል። በዚህ አገር ስንት ደብተር እንደዚህ ተጠብቆ ሳጥን ውስጥ እንደቀረ አስቡት። «እሱ እስኪያልፍ፣ እሷ እስክታልፍ» ሲባል ጸሐፊው ያልፋል፣ ልጆቹ ቤቱን ይሸጣሉ፣ ሳጥኑ ይጣላል። አንድ ጊዜ መርካቶ፣ ሱቅ ደጃፍ፣ በኪሎ ከሚሸጥ ወረቀት መካከል በእጅ የተጻፈ ማስታወሻ አይቻለሁ። የማን እንደሆነ ሽፋኑ ተቀዷል። አንስቼ ሳነብ ስለ አንድ የአምባ አላጌ ጉዞ ነው። ቀጣዩ ገጽ አልነበረም። ገዛሁት። አሁንም እቤት አለ። ስለ እሱ ሌላ ቀን አወራችኋለሁ፣ ደስ የሚል ነው፣ በቅሎዋን የሚገልጽበት ቦታ አለ…

አይ፣ ወደዚያ አልሂድ።

ለልጅቷ አልነገርኳትም። እናቷ ምን እንዳሉ። ይኼ ነው አሁን የከበደኝ። ብነግራት እናትና ልጅን ማጋጨት ነው። ባልነግራት በገንዘቧ እየተጫወትኩ ነው። እማማም «ለልጄ እንዳትነግሪያት» አላሉኝም፣ «ንገሪያት»ም አላሉኝም። ሁለቱ በየእሑዱ በቪዲዮ ይገናኛሉ። እማማ ስልኩን ወደ ጣሪያው አዙረው ነው የሚያወሩት፣ ልጅቷ የምታየው አምፖሉን ነው። ስለ መጽሐፉ ምን ይባባሉ ይሆን?

ሌላው አማራጭ እትዬ ጋ መሄድ ነው። ብቻቸውን። «እትዬ፣ ባለፈው የጠየቁኝን ጥያቄ ልመልስልዎት» ማለት። ሙያዬ የሚለኝ ይኼንን ነው። እማማ ግን ይኼን ያውቁ ይሆን? ቢያውቁ ደግሞ ይቅር ይሉኛል? ያ የቅዳሜ ቡና ከዚያ በኋላ ይፈላል? እኔ ገብቼ ያን በርጩማ ባዶ ባደርገው…

እዚያ አሁን ስንት ሰዓት ነው? ሜሪላንድ። እዚህ ዘጠኝ ሊሆን ነው፣ እዚያ ገና ጠዋት ነው። ልጆቿን ትምህርት ቤት የምታደርስበት ሰዓት ነው መሰለኝ። አሁን ብደውል መኪና እየነዳች ነው የማገኛት። እንዲህ ያለ ነገር መኪና ለሚነዳ ሰው አይነገርም። ማታ ይሻላል። የእሷ ማታ። ያ ለእኔ ሌሊት ነው፣ ምንም አይደለም፣ ሰሞኑን ያው አልተኛም።

ግን ምን ብዬ ነው የምጀምረው? «እማማ ደህና ናቸው» ብዬ ልጀምር፣ እንዳትደነግጥ። ከዚያ…

እስቲ ልየው። ከነገርኳት ሳምንት እነግራችኋለሁ። ካልነገርኳትም… እንጃ። ቻዎ።